ፍሬ የማይሰጠው ኮሽም

ወንድሜ የእናታችንን ኮሽም ያስቆረጠው እኔ በቆጂ፣ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ ለአማቱ ሳለቅስ ነው። ይህን ነገር ለሰው ሳወራ በፊት ከሩቅ ነበር የምነሳው፤ የእሱም ሐቅ እንዳይጎድል ዞር ዞር እያልኩ፣ «እሱም ቢሆን ቸግሮት ነው» እያልኩ። አሁን ሰለቸኝ። ዋናውን አስቀድሜ ተናግሬዋለሁ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይምጣ።

ኮሽም እሾሃም ዛፍ ነው። እሾሁ ከእኔ የፍራሽ መስፊያ መርፌ አያንስም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ መርፌና እሾህ ማወዳደር አይቸግረኝም። ፍሬው ክብ ነው፤ ሲበስል እንደ ኮክ ቢጫ ይሆናል። ሲነክሱት መጀመሪያ አንዱ ዓይን ይጨፈናል፣ ቀጥሎ አፍ ምራቅ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ካልከለከለ በቀር ማቆም የለም። የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ኮሾሚ ይሉታል። ድሮ አሰላ ውስጥ በእኛ ሰፈር አጥር ማለት ኮሽም ነበር። ጅብም ላምም ሌባም አያልፈውም፤ ልጅ ብቻ ያልፈዋል፣ እሱም ተቦጫጭሮ። ዛሬ አጥር ማለት ብሎኬት ነው። ሰፈራችን ከዳር እስከ ዳር በብሎኬት ሲታጠር በእኛ ግቢ ያሉት ሁለት ኮሽሞች ብቻ ቀሩ።

ሁለቱን የተከለቻቸው እናቴ ናት። ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከጫካው ዳር ችግኝ ነቅላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አምጥታ ከመንገዱ ገባ ብሎ ግቢው መሃል ጎን ለጎን ተከለቻቸው። አንዷ ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲያልፍ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ ታፈራለች። ሌላው ያብባል፣ ንብ ይወረዋል፣ ከዚያ ምንም። አንድም ፍሬ አይተንበት አናውቅም። የመጣው ሰው ሁሉ እናቴን ይመክራት ነበር። «ይሄ መካን ምን ያደርግልሻል? ቆርጠሽ ማገዶ አታደርጊውም?» ይሏታል። የእሷ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ተዉት፤ እሱ ባይበላም ያበላል።» ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ስለ ንቦቹ የምትናገር ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜን ያሳደግኩት እዚያ ዛፍ ሥር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል፤ እናታችን እህል ገበያ ስለምትውል ልጁን የማዝለው እኔ ነበርኩ። ሲያለቅስ የበሰለ ኮሽም በጣቴ አፍርጬ ከንፈሩ ላይ አደርግለታለሁ። ፊቱን ጭምድድ አድርጎ ሽማግሌ ይመስላል፤ ወዲያው ደግሞ አፉን ይከፍታል። ከፍ ሲል ከጓዳ ጨው በመዳፉ ሰርቆ መምጣት ለመደ። ኮሽም በጨው ከእሱ በፊት በቤታችን ማንም በልቶ አያውቅም፤ ያመጣው እሱ ነው። እሾህ ሲወጋው የማወጣለት በዚያው በኮሽሙ እሾህ ነበር። እሾህን በእሾህ የሚባለውን እኔ የተማርኩት ከእሱ ተረከዝ ነው።

አድጎም አልተወውም። አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሆዱ ቀበቶውን አልፎ ከወጣ በኋላም ኮሽሟ ስትደርስ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ በኪሱ ይዞ ይመጣል። «እታለም፣ ደረሰች?» ይላል። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ እታለም ነው የሚለኝ። ከዛፏ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እየበላን የማናነሳው ወሬ አልነበረም፤ ከእናታችን ቁጣ እስከ አባታችን ፈረስ። የቀረውን ዓመት «ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋልክ» ነው። ኑሮ ነው፣ አልፈርድበትም። ባሌ ከሞተ በኋላ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ ልጅም አልወለድኩም። ከእናቴ ማኅፀን የወጣ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። ኮሽሟ ስታፈራ የማገኘው እሱን ነበር።

እናታችን ልትሞት ስትል ሁለታችንንም አልጋዋ አጠገብ ጠራችን። «ላይኛው ግቢ የአንተ፣ ታችኛው የእሷ። ኮሽሞቹ ድንበር ይሁኑ። እንዳትነኩብኝ» አለች። ከዚያ እሱን ብቻ «ቀኝ እጅህን አምጣ» አለችው። እጁን ሰጣት፤ በሁለት እጇ ያዘችው። «አልነካም እማዬ፤ ሁለቱንም አልነካም» አላት። እኔን እጅ አልጠየቀችኝም። በእኔ አልሰጋችም ማለት ነው። በእሱ ግን ሰግታለች። እናት የወለደችውን ታውቃለች፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

ካቻምና በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ሰፍቶ ኮብልስቶን ተነጠፈበት። ወንድሜም እንደ ሰው ሁሉ በላይኛው ግቢ የኪራይ ቤቶች ሊሠራ ተነሳ። ለዚያ ደግሞ መኪና የሚያስገባ በር ያስፈልጋል፤ መኪናው የሚገባበት ቦታ ላይ የቆመው ፍሬ የማይሰጠው ኮሽም ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመ።

«እታለም፣ ያንን የማያፈራውን ብናነሳው ምን ይመስልሻል?»

«እናትህ ምን አለች?»

«እናቴማ ሞታለች።»

«እጅህስ? እሱም አብሮ ሞተ?»

ሳቀ። ሲስቅ ልጅ ይሆናል፤ ይህ ሁልጊዜም ይጎዳኛል። «እሺ በቃ፣ አንቺ ካልሽ ይቅር። እኛ በዛፍ አንጣላም» አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

አመንኩት። በባዶ ሜዳ አይደለም ያመንኩት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት ከመቼውም በላይ ወንድም ሆነልኝ። ከበቆጂ የመጣ የገብስ በሶ ላከልኝ። ክረምት ከክረምት የሚያፈሰውን ጣሪያዬን ሠራተኛ ሳይጠራ ራሱ ወጥቶ ቆርቆሮውን ጠገነልኝ። እኔም ሞኟ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁለት፤ «ወንድም እንዲህ ነው» አልኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት ሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ስተርት ነው የኖርኩት።

በዚያው ሰሞን የሚስቱ እናት በቆጂ አረፉ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ቀድማ ሄደች፤ እሱም ቀብሩ ላይ ውሎ ተመለሰ። በሠልስቱ ዕለት ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ጎበጥ ብሎ ቆሟል።

«እታለም፣ ወገቤ ተያዘ። እንኳን መኪና ላይ ልቀመጥ መቆምም አቃተኝ። ዛሬ ሠልስት ነው፤ ከእኛ ወገን ሰው ካልታየ አማቾቼ ምን ይሉኛል? አንቺ ሂጂልኝ።»

በእኛ ዘንድ ሠርግ ቢቀሩ ይረሳል፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን ስሙ ይነሳል፣ የልጅ ልጁም ይሰማዋል። ወንድሜ በአማቾቹ ፊት እንዲያፍር አልፈለግኩም። ጀምሬው የነበረውን የተማሪዎች ዩኒፎርም ተውኩ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅሁ። ከመውጣቴ በፊት ደግሞ አልጋዬ ላይ በደረቱ አስተኝቼ ወገቡን በቅቤ አሸሁለት። «ኧረ ቀስ፣ እታለም!» እያለ ያቃስት ነበር። እጄን ስታጠብ እንኳ አዘንኩለት።

በቆጂ እንደ ልማዷ ብርዷ አጥንት ይገባል። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ የሟች ዘመዶች ከፍራሻቸው ብድግ አሉ፤ «የአማቻችን እህት ናት፣ ወንድሟን ብላ መጣች» ተባባሉ። አለቀስኩ። ሴትዮዋን በሠርጉ ቀንና በክርስትና ብቻ ነው የማውቃቸው፤ ግን ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ለቅሶ ላይ ሰው የራሱን ሟች ነው የሚያለቅሰው፤ እኔም «እናቴ፣ እናቴ» እያልኩ የራሴን እናት ነበር የማለቅሰው። ሴቶቹ እንባዬን እያዩ አብረውኝ አለቀሱ። ኋላ ሰዓቱን ሳሰላው፣ እኔ «እናቴ» ስል አሰላ ላይ መጋዙ በእናቴ ዛፍ ግንድ ውስጥ ነበር።

ማታ ልመለስ ስነሳ የወንድሜ ሚስት እጄን ያዘች። «ዛሬማ አትሄጂም። እደሪልኝ» አለች። ይህች ሴት በደህና ጊዜ ቤቷ ስሄድ ቶሎ እንድወጣ ሰዓት የምታይ ናት። ሐዘን ልቧን ያለሰለሰው መሰለኝ። አደርኩላት። ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን በአንድ ጋቢ ተኛን፤ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። እናቷን ስታስብ ነው ብዬ ጀርባዋን ዳበስኩላት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አሰላ ደረስኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ገና ከሩቅ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከግቢያችን በላይ ሰማዩ ሰፍቶ ነበር።

በሩ ላይ ጎረቤታችን አገኙኝ። ሁላችንም አዴ እያልን የምንጠራቸው፣ ከእናቴ ጋር ዕድሜያቸውን አብረው የጨረሱ የአርሲ ሴት ናቸው። ፊቴን ሲያዩ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ያ ረቢ! ሃዳ ኮ፣ የእኔ እናት፣ አታውቂም ነበር እንዴ? አንቺ መኪና እንደተሳፈርሽ እኮ ነው ባለ መጋዞቹ የመጡት። እኔማ ወጥቼ ጠይቄው ነበር። ‹እታለም ፈቅዳለች፣ እንዲያውም እንዳታየው ብላ ነው የሄደችው› አለኝ።»

«እንደዚያ አለዎት?»

«ወላሂ እንደዚያ ነው ያለኝ።»

ገባሁ። ግቢው ውስጥ እሾህ ተቆልሏል። ጉቶው ገና እርጥብ ነበር፤ ውስጡ ቢጫ ነው። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሁለት ሰው የሚያቅተውን ቅርንጫፍ ወደ መንገድ ይጎትታል። ያ ትናንት በቅቤ ያሸሁት ወገብ ነው።

«ወገብህ ተሻለህ?» አልኩት።

ቅርንጫፉን ለቀቀው። ዞሮ አየኝ፤ ብዙ ነገር ሊል ፈልጎ አንዱን መረጠ። «የምታፈራውን ትቼልሻለሁ እኮ፣ እታለም። አልነካኋትም። የአንቺን አልነካሁም።»

እውነቱን ነው፤ እሷ ቆማለች። ደግ ነገር የሠራ መስሎታል። ከቃሉ ግማሹን ጠብቆ ለግማሹ ምስጋና ይጠብቅ ነበር። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የዚያን ቀን አላለቀስኩም። እንባዬን በቆጂ ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ ከሁሉም የቆጨኝ እሱ ነው። ዛፍ ይቆረጣል፤ ሰው ለመሬት ሲል ከዚህ የባሰ ሲሠራ አይቻለሁ። ነገር ግን ፊት ለፊት ቢቆርጠው ጮኼበት፣ ተሳድቤ፣ ምናልባትም ድንጋይ ወርውሬ ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን የእኔን እንባ ተጠቀመበት። የእኔን ማዘን ለመጋዙ ጊዜ መግዣ አደረገው። ተከዳሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም።

ሰው ደግሞ በወደቀ ዛፍ ምሳር ያበዛል። ትናንት «እንዴት ያለ ደግ ወንድም አለሽ» ያሉኝ ሁሉ፣ «እኛም ስንጠረጥረው ነበር» ማለት ጀመሩ። ያንን መስማት ከራሱ ከነገሩ ባሰብኝ፤ እኔ ብሰድበውም ሌላ ሰው ሲሰድበው አልወድም። ስለዚህ የእድራችን ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ሲመጡ እንቢ አላልኩም። እሱ አንድ ጥግ፣ እኔ አንድ ጥግ ተቀመጥን።

«የእናት ልጅ ቢጣላ እውነት ይመስላል ለሌላ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «በአንድ መካን ዛፍ ወንድምና እህት ይለያያል እንዴ?»

«አባቴ፣ ለሌላው ብቻ አይደለም፤ ለእኔም እውነት መስሎኛል» አልኳቸው። «ዛፉን ይቅር ብዬዋለሁ። ወገቡን ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።»

የወገቡን ታሪክ ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱማ እንባውን ጠረገ። ወንድሜም አንገቱን ደፍቶ አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ፤ እኔም ለሽማግሌዎቹ ብዬ አነሳሁት። ታረቁ ተባለ፣ ምርቃት ወረደ። ሰላምታ ቀጠለ። የኪራይ ቤቶቹም ቆሙ፤ በሩም ሰማያዊ ቀለም ተቀባ።

ዕርቁ ልቤ ውስጥ ባይገባም አንድ ነገር እጠብቅ ነበር። ኮሽሟ ትደርሳለች፣ እሱ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ድንጋዩ ላይ እንቀመጣለን፣ አንዱን ፍሬ ሲነክስ ፊቱ ይጨማደዳል፣ እኔም ሳላስበው ይቅር እለዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። በአፌ ያላልኩትን ያ ጎምዛዛ ፍሬ ይለዋል ብዬ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ይህንን ነው።

አበበች። እንደ ወትሮዋ አበበች፤ አበቦቿ ትንንሽ ናቸው፣ ካልተጠጉ አይታዩም። ንቦቹ ግን ቀነሱ። ክረምቱ ገባ፣ አበቦቹ ረገፉ። ከኋላቸው አረንጓዴ ጉብታ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። መጀመሪያ ውርጩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ሥሯ በግንባታው ተጎድቶ ይሆናል ብዬ ውኃ አጠጣኋት። ቅጠሏ ግን ከወትሮው የበለጠ ለምልሟል፤ የታመመ ዛፍ እንደዚያ አይለመልምም።

አንድ ቀን ዩኒፎርም ልታሰፋ የመጣች ሴት ከመቂ ያመጣችው ፓፓያ ሰጠችኝ። እየላጥኩ፣ ቆላ ያለው የሟቹ ባለቤቴ እናት ቤት ትዝ አለኝ። እዚያ ወንዴ ፓፓያና ሴቴ ፓፓያ አለ፤ ወንዴው አያፈራም፣ ግን ጨርሶ ካጠፉት ሴቴዋ ባዶዋን ትቀራለች። ይህንን ቆላ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛ ደጋዎቹ ስንዴና ገብስ ብቻ ስናይ ያደግን፣ ዛፍ ባል ይኖረዋል ብለን አናስብም። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። «እሱ ባይበላም ያበላል።» እናቴ ይህንን ስንት ጊዜ አለችው፣ እኔስ ስንት ጊዜ ሰማሁት። ወጥቼ በሰፈሩ ሌላ ኮሽም ፈለግኩ፤ ብሎኬት እንጂ ምንም የለም።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። በራሱ ጊዜ ይምጣ አልኩ።

መስከረም አልፎ መጣ። ከላይኛው ግቢ በሰማያዊው በር ወጥቶ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ «እታለም፣ ደረሰች?» አለ። ድምፁ ይፈራል። ለካ እሱም ይቺን ቀን ሲጠብቅ ነበር።

«እያት» አልኩት።

ከዛፏ ሥር ቆሞ ቅርንጫፎቿን እየገለጠ ፈለገ። ከወዲያ ዞረ፣ ከወዲህ ዞረ። እሾህ እጁን ቧጨረው፤ ደሙን እየመጠጠ ፍለጋውን ቀጠለ። ጨውን ከወረቀቱ አውጥቶ መዳፉ ላይ ገልብጦት ነበር፤ ልጅ ሆኖ እንደሚያደርገው።

«ምነው? ምን ሆነች?»

«ባሏን ቆረጥክባት» አልኩት። ሌላውንም አስረዳሁት፤ የፓፓያውን፣ የእናታችንን አነጋገር። ስናገር ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እሱ ጉቶውን አየ፤ አሁን በሩ ሲከፈት የሚያርፍበት መደገፊያ ተደርጓል። ከዚያ ዛፏን አየ። እንደ ሽማግሌ ሆነ ፊቱ፤ ኮሽም ሳይነክስ።

«አላወቅኩም ነበር» አለ።

«አላወቅክም። ግን ‹አልነካም› ብለህ ነበር።»

 ከዚያ፣ «ከጭላሎ ሥር ወንዱን ፈልጌ አመጣለሁ። እኔው ራሴ እተክለዋለሁ። ቃሌ ነው፣ እታለም» አለ። ጨውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፣ ቀኙን በሱሪው ጠረገና ዘረጋልኝ።

እጁን አየሁት። እናቴ በሁለት እጇ የያዘችው እጅ ነው። ያዘልኩት ልጅ እጅ ነው። ልይዘው ፈለግኩ፤ እግዜር ያውቃል፣ በጣም ፈለግኩ። እጄ ግን ከነጠላዬ ሥር አልወጣም።

እሱም ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። በግራው ጣቶች መሃል ጨው መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ጨውህ እየፈሰሰ ነው» አልኩት።